ድንገት ለሚፈነዱ ከዋክብት የቴሌስኮፕ ሰዓት ስለ መመደብ

የሰማይን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚህ ዘመን የሚከራከሩበት ዋና ጕዳይ ቴሌስኮፕ የሚባለው ታላቅ መነጽር ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ባለው መነጽር ማን፥ መቼ፥ ስንት ሰዓት ይመልከት የሚለው የአከፋፈል ነገር ነው። ሌሊቱ የተቈጠረ ነው፤ ደመናና የጨረቃ ብርሃን ከዚያው ላይ ይቀንሱበታል፤ ጠያቂው ግን ብዙ ነው። በጠፈር ላይ ያለው ጄምስ ዌብ የተባለው ቴሌስኮፕ በ2025 ዓ.ም. ላከፋፈለው ሰዓት ከ2,300 የሚበልጥ ማመልከቻ ቀርቦለት የተጠየቀው ጠቅላላ ሰዓት 78,000 ያህል ሆነ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይኸውም ሊሰጥ ከሚቻለው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ ሰዓት ሲፈቀድ ስምንት ሰዓት ይከለከላል ማለት ነው።

ይህ አከፋፈል በተለይ የሚቸግረው ሱፐርኖቫ በሚባሉት፥ ድንገት በሚፈነዱት ከዋክብት ላይ ነው። የመነጽሩ ሰዓት የሚታደለው ከወራት በፊት በሊቃውንት ጉባኤ ነው፤ ኮከቡ ግን ጉባኤው በተቀመጠ ጊዜ ገና አልፈነዳም፤ ወይም ፈንድቶ ብርሃኑ ወደ ምድር አልደረሰም፤ ስለዚህ ስሙም ስፍራውም አይታወቅም። ሌላው ተመራማሪ ይህን ጋላክሲ ወይም ያንን ኮከብ ላይ ነው የምፈልገው ብሎ በማመልከቻው ሲጽፍ፥ የሱፐርኖቫው ተመራማሪ አንድ ነገር በአንድ ስፍራ አንድ ቀን ይደርሳልና ሰዓት ይጠበቅልኝ ከማለት በቀር የሚጽፈው የለውም። ሲታይ ግን መዘግየት የማይፈቀድለት ሥራ ይሆናል።

ሱፐርኖቫ በሁለት ዋና መንገድ እንደሚሆን ታውቋል። አንደኛው ከፀሐይ ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ክብደት ያለው ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ እምብርቱ በራሱ ክብደት ሲናድ የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ነጭ ድንክ የተባለው ያረጀና የታመቀ ኮከብ ከጎረቤቱ ኮከብ ቁስ ወስዶ፥ ወይም ከእርሱ ጋራ ተዋሕዶ፥ ሁለንተናው በአንድ ጊዜ ሲቃጠል ነው። የሰው ልጅ ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን አብዛኛው ከመጀመሪያው ዓይነት ከዋክብት ሲገኝ፥ በደሙ ውስጥ ካለው ብረት ብዙው ከሁለተኛው ዓይነት መጥቷል። ስለዚህ ነገሩ ከምድር የራቀ ቢመስልም በገበታና በአካል ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የቀደሙት ሰዎች ይህን በዐይናቸው አይተው ጽፈው ትተዋል። በ1006 ዓ.ም. የታየውን እጅግ ብሩህ ኮከብ የቻይና መዝገብ ጸሓፊዎች፥ በግብጽ የነበረው ሐኪም ዐሊ ኢብን ሪድዋን፥ በስዊስ አገርም የቅዱስ ጋል ገዳም መነኮሳት እያንዳንዳቸው በየመዝገባቸው አስፍረውታል። እነዚያ መነኮሳት የጻፉት ለማን እንደሚጠቅም ሳያውቁ ነው። ዳሩ ግን ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ የኮከቡን ፍራሽ በሰማይ ላይ ለይተው ያገኙት ሊቃውንት የተመሩት በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነበር። በ1054፥ በ1572፥ በ1604 ዓ.ም. የታዩትም እንዲሁ ተጽፈዋል። ጋሊሌዮ ቴሌስኮፕን ወደ ሰማይ ያቀናው በ1609 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፍኖተ ሐሊብ በምንለው በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ፈንድቶ ሰው ሁሉ በዐይኑ ያየው ኮከብ የለም። አምስት ዓመት ብቻ ቀደመ! ስለ ሆነም የዛሬው ምርምር ሁሉ የሚካሄደው በሌሎች ጋላክሲዎች፥ በሩቅና በደካማ ብርሃን ላይ ነው።

ለፍጥነቱ ምክንያት የሚሆነው ነገር ግልጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ያለው መነጽር አንድ ኮከብ በፈነዳ በሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ አገኘው፤ በስድስተኛው ሰዓት ግድም ደግሞ በሃዋይ ያለው ኬክ የተባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በየኅብሩ ዘርዝሮ አነበበ። በዚያ ንባብ ኮከቡ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከገላው ላይ ጋዝ አራግፎ በዙሪያው እንደ ልብስ ተከናንቦት እንደ ነበር ታወቀ። የፍንዳታው ማዕበል ያን ጋዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠራርጎ ስለ ወሰደው ምልክቱ ጠፋ። ንባቡ በሳምንቱ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር አይገኝም ነበር፤ ሌላ መነጽር ቢታከልም፥ ገንዘብ ቢታከልም አይገኝም።

በግንቦት 19 ቀን 2023 ዓ.ም. የጃፓኑ ኮይቺ ኢታጋኪ ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ሱፐርኖቫ ባገኙ ጊዜም እንዲህ ሆነ። ኢታጋኪ ከታላላቅ ተቋማት የአንዱ ባለ ደመወዝ አይደሉም፤ ለፍቅሩ ሰማይን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ወሬው በተሰማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞሩ፤ ኮከቡ ከምድር 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ቢርቅም በዘመኑ ከታዩት ቅርቦች አንዱ ነበርና። ያን ጊዜ ሰዓት ስለ መስጠት የተከራከረ አልነበረም። የሚያከራክረው እንዲህ ያለው ቅርብና ብሩህ ኮከብ ሳይሆን፥ በየሌሊቱ በመቶ የሚቈጠረው፥ ሩቅና ደካማው፥ ምንነቱ ያልተለየው ነጥብ ነው።

በውነቱ ከሆነ ዛሬ ማግኘት ቀላል ሆኗል፤ የከበደው መለየት ነው። በያመቱ ለዓለም አቀፉ የከዋክብት ማኅበር መዝገብ የሚቀርበው አዲስ ብርሃን ከ20,000 የሚበልጥ ሲሆን፥ ብርሃኑ ተዘርዝሮ ዓይነቱ የሚታወቅለት ዐሥራት ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ስሙ ተጽፎ ምንነቱ ሳይታወቅ ይደበዝዛል። በቺሌ አገር ፓቾን በተባለው ተራራ ላይ የተሠራው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ሥዕሎቹን በሰኔ 2025 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳይቷል። መስተዋቱ 8.4 ሜትር ስፋት አለው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ የደቡብን ሰማይ በየጥቂቱ ሌሊት እየደጋገመ እንዲሥል የተወጠነ ነው። በአንድ ሌሊት እስከ ዐሥር ሚሊዮን የሚደርስ የለውጥ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ታስቧል። በዐሥር ዓመቱ የሚያገኛቸው ሱፐርኖቫዎች በሚሊዮን ይቈጠራሉ ተብሎ ይጠበቃል። መከሩ እንዲህ ሲበዛ አጫጁ ግን ያው የቀድሞው ነው፤ ብርሃንን ዘርዝሮ የሚያነበው ታላቅ ቴሌስኮፕ በቍጥር ምንም ያህል አልጨመረም።

ሰዓት እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበሩት ሳውል ፐርልሙተርና ጓደኞቻቸው ሩቅ የሆኑትን የሁለተኛውን ዓይነት ሱፐርኖቫዎች ለማጥናት ፈለጉ። እነዚህ ከዋክብት የብርሃናቸው መጠን ተቀራራቢ ስለ ሆነ ርቀትን ለመለካት ያገለግላሉ። ነገር ግን የታላላቅ ቴሌስኮፖች ጉባኤ ያልተገኘን ኮከብ ለማየት ሌሊት አንሰጥም አላቸው፤ ሌሊት ካልተሰጣቸው ደግሞ ማግኘት አልቻሉም። ጉባኤው ክፉ አልነበረም፤ ባዶ እጅ ለሚመለስ ሰው የሌላውን ሌሊት መስጠት አደራን ማባከን ይሆንበታልና።

ፐርልሙተር ያመጡት መፍትሔ በጨረቃ ላይ የተመሠረተ ነበር። ጨረቃ በተወለደች ማግሥት ሰማዩ ጨለማ ሳለ በሺህ የሚቈጠሩ ጋላክሲዎችን ይሥላሉ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይተው የሚቀጥለው ጨረቃ ከመወለዱ በፊት ያንኑ ሰማይ ዳግመኛ ይሥላሉ፤ ሁለተኛውን ሥዕል ከመጀመሪያው ቢያነጻጽሩት በመካከሉ የተወለደው አዲስ ብርሃን ተለይቶ ይወጣል። ሱፐርኖቫ ብርሃኑ እስኪፈጸም ሳምንታት የሚፈጅ ስለ ሆነ የሚገኙት ሁሉ ገና እየፈኩ ያሉት ይሆናሉ፤ ጨለማው ሌሊትም ገና አልተፈጸመም። የሠርቀ ሌሊትን ሒሳብ የተማረ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የዚህን ዘዴ ጥበብ ወዲያው ያስተውለዋል። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎቹ ወደ ጉባኤው ተመልሰው በዚህ ወር፥ በዚህ ሌሊት፥ ይህን ያህል ሱፐርኖቫ ይኖረናል ብለው በስድስት ወር ቀድመው ቃል ለመግባት ቻሉ። ሌሊቱ ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ በብራያን ሽሚትና በአዳም ሪስ የሚመራ ሌላ ጭፍራ ተነሣ፤ ሁለቱም ይሽቀዳደሙ ጀመር። ሀብል የተባለውን የጠፈር ቴሌስኮፕ ያስተዳድሩ የነበሩት ሮበርት ዊልያምስ ደግሞ በአስተዳዳሪው ፈቃድ ከሚታደለው ሰዓት ለሁለቱም ሰጡ። ለአንዱ ብቻ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ሥራው በተጠናቀቀ ነበር፤ እምነቱ ግን በጐደለ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሁለቱም በየበኩላቸው አንድ ዓይነት ውጤት አመጡ፤ የዓለማት መስፋት እየዘገየ የሚሄድ ሳይሆን እየፈጠነ የሚሄድ መሆኑ ታወቀ። ማንም ያልጠበቀውን ይህን ነገር ሰዎች ያመኑት ሁለት ተወዳዳሪዎች ተለያይተው ስለ መሰከሩ ነው። ሦስቱ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ ብዙዎቹ ታላላቅ መመልከቻዎች ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ሥርዐት አላቸው። አንድ ጭፍራ በያመቱ ይህን ያህል ጊዜ ጣልቃ እገባለሁ ብሎ አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ኮከቡ በታየ ሰዓት ይጠራል፤ በዚያ ሌሊት በመነጽሩ ላይ የነበረው ሰው ይነሣለታል። ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ጋላክሲ የሚያጠናው ሰው ጋላክሲው ነገም በስፍራው ነውና ቢዘገይ ምን አለበት ይባላል። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ጋላክሲው ነገ አለ፤ የእርሱ ሌሊት ግን ነገ የለም፤ ነገ የሌላ ሰው ነው፤ ከነገ ወዲያም ደመና ሊሆን ይችላል። ለሦስት ሌሊት ዓመት ሙሉ የጠበቀ ወጣት ተማሪ አንዱን በድንገተኛ ጥሪ ቢያጣ የመመረቂያ ሥራው ሊሰናከልበት ይችላል። ስለዚህ የተወሰደበት ሰዓት ሳይለምን ከአስተዳዳሪው ሰዓት ላይ እንዲመለስለት የሚያዝ ደንብ በየመመልከቻው ሊጻፍ ይገባል። ይህ ደንብ በሌለበት ስፍራ ድንገተኛ ጥሪ የኀይለኛ መብት ይሆናል።

ከዚህም በቀር የሚጣደፈው ሁሉ መጣደፍ የሚያስፈልገው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያስፈልጉት በቅርብ ላለውና ገና በአንድ ቀን ውስጥ ለተገኘው ኮከብ ነው፤ ለዚህ ታላቁም መነጽር ይነሣለት። ነገር ግን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ሌሊት ሲሮጥ የሚረሳ ነገር አለ። ኮከቡ ከፈነዳ በዓመቱ ጋዙ ተበትኖ ይሳሳል፤ ያን ጊዜ እስከ እምብርቱ ድረስ ይታያል፤ ምን ያህል ኦክሲጅን፥ ምን ያህል ብረት እንደ ተሠራ የሚለካው በዚያን ጊዜ ነው። ብርሃኑ ግን እጅግ ስለሚደክም ታላቅ ቴሌስኮፕና ረጅም ሰዓት ይጠይቃል፤ ዝናውም አልፏል። ጉባኤዎች ለመጀመሪያው ሌሊት ሲፈቅዱ ለዓመቱም አብረው ቢፈቅዱ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ይህኛው ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለ ሆነ ማንንም ሳያስነሣ በሰሌዳ ሊገባ ይችላል።

ስለ ምርጫው ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰዓት ሲያንስ ሰው እንግዳ የሆነውን፥ እጅግ ብሩህ የሆነውን፥ ጽሑፍ የሚያስገኘውን ይመርጣል። ይህ ለአንድ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ለመለኪያው ግን መርዝ ነው። በከተማ ውስጥ ቁመተ ረጃጅሞቹን ብቻ የለካ ሰው የሕዝቡን ቁመት አያውቅም። የፓሎማር ሊቃውንት ይህን ተረድተው ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከተወሰነ የብርሃን መጠን በላይ የደረሰውን ሱፐርኖቫ ሁሉ፥ ቢያምርም ባያምርም፥ ዓይነቱን ለመለየት ወሰኑ። ለዚህም ታላቁን መነጽር አላስቸገሩም፤ 1.5 ሜትር በሆነ አሮጌ ቴሌስኮፕ ላይ ለመለየት ብቻ የሚበቃ ቀላል መሣሪያ ተከሉ። በዚህ መንገድ እስከ 2024 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ከ10,000 የሚበልጡ ሱፐርኖቫዎችን ለዩ፤ ውጤቱንም ወዲያው ለሁሉ አስታወቁ። ዛሬ ያለው የመፍትሔ ሁሉ ምሳሌ ይህ ነው ቢባል ከመጠን ያለፈ አይሆንም፤ ትንሹ መነጽር ይለያል፥ ታላቁ የተለየውን ይመረምራል።

ሌላም ዘዴ ተገኝቷል። በቺሌ ፓራናል በሚገኘው የ4 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ የተተከለው ፎርሞስት የተባለው መሣሪያ ከ2,400 የሚበልጡ ቀጫጭን የብርሃን ክሮች አሉት፤ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ከዋክብትና ጋላክሲዎችን ያነባል። መነጽሩ ለሌላ ሥራ ወደ ዞረበት ሰማይ አዲስ ሱፐርኖቫ ቢገኝ ከክሮቹ ጥቂቶቹ ለእርሱ ይመደባሉ። ማንም ከስፍራው አይነሣም፤ የማንም ሌሊት አይቋረጥም። የእርሻው ባለቤት አጭዶ ሲያልፍ ለቃራሚ የሚተውለት ቃርሚያ እንደ ማለት ነው። ለሩቁና ለብዙው ሱፐርኖቫ ከዚህ የሚሻል ፍርድ አይገኝም። ጕድለቱ ቃራሚው እርሻውን አለመምረጡ ነው፤ በጥድፊያ የሚፈለገው ኮከብ መነጽሩ ባልዞረበት ስፍራ ቢፈነዳ ዘዴው አያገለግልም።

ስለ አድልዎም አንድ ቃል መናገር ይገባል። የሀብል ቴሌስኮፕ ጉባኤ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአመልካቾችን ስም ከመርማሪዎቹ እየሰወረ ይፈርዳል። ከዚያ በፊት የሴቶች ማመልከቻ ከወንዶቹ ይልቅ ሲወድቅ መኖሩ ተመርምሮ ታውቆ ነበር። ስሙ ከተሰወረ ወዲህ ፍርዱ በሐሳቡ ላይ ብቻ ሆነ። ለድንገተኛ ጥሪ ግን ጊዜ ስለሌለ ስም እየታየ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ የስልክ ቃል ይፈቀዳል። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ዳኝነት እንዳይዛባ መስፈርቱ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ርቀቱ ይህን ያህል፥ ዕድሜው ይህን ያህል ከሆነ ይፈቀዳል፥ ካልሆነ ይቀራል ተብሎ። የተነበበውም ብርሃን በዚያው ሌሊት ለሁሉ ይገለጥ። ደብቆ መያዝ ሦስት ቴሌስኮፖች ሳይተዋወቁ አንዱን ኮከብ ሲያነቡ እንዲያድሩና ሌሎች ሁለት ከዋክብት ሳይነበቡ እንዲጠፉ ያደርጋል።

ምድር ስለምትዞር አንድ አገር ብቻውን ይህን ሥራ ሊፈጽም አይችልም። በቺሌ ሲነጋ ኮከቡ ብርሃኑን መለወጡን አያቋርጥም፤ ሌሊቱ ወደ ደረሰበት አገር ሥራው መተላለፍ አለበት። በአፍሪካ ለዚህ ሥራ ስመ ጥሩው በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ያለው ሳልት የተባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ ነው። ነገር ግን የ2023ቱ የኤም 101 ኮከብ በሰሜን ሰማይ እጅግ ርቆ ስለ ነበር ከሰዘርላንድ ቢታይ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም፤ ለሥራ አይሆንም። ከአዲስ አበባ በላይ በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ለሚገኙት ለሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ግን ያው ጋላክሲ እስከ ሰማዩ እኩሌታ ከፍታ ይወጣል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ታያለች። የክረምት ደመናና የከተማው መብራት የእንጦጦን ሌሊት እንደሚጐዱት የታወቀ ነው። ቢሆንም ብሩህ የሆነውን ሱፐርኖቫ በየሌሊቱ መለካት 1 ሜትር ለሆነ መነጽር የማይከብድ ሥራ ነው፤ ሰዓቱም በታላላቆቹ እንደሚሆነው ዘጠኝ ጠያቂ የሚሻማው አይደለም።

የዚህ ሁሉ ደንብ ፈተና የሚሆነው በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ኮከብ የፈነዳ ዕለት ነው። በየካቲት 1987 ዓ.ም. በጎረቤቱ ትንሽ ጋላክሲ፥ ከ160,000 የብርሃን ዓመት በሚበልጥ ርቀት፥ ኮከብ በፈነዳ ጊዜ ኒውትሪኖ የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ብርሃኑ ከመታየቱ በጥቂት ሰዓት ቀድመው ወደ ምድር ደርሰው ነበር። በጃፓን፥ በአሜሪካና በሩስያ የነበሩት መሣሪያዎች ሃያ አምስት ያህሉን መዘገቡ፤ መመዝገባቸው የታወቀው ግን ወሬው ከተሰማ በኋላ መዝገቡ ሲመረመር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የኒውትሪኖ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ማስጠንቀቂያ ለመላክ ተዘጋጅተዋል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ግን ማን ወደ የት ይመልከት የሚለው አስቀድሞ ካልተከፋፈለ ሁሉ በአንድነት ይደናገጣል። እንዲያውም እንዲህ ያለው ኮከብ ቅርብና ያልተሸፈነ ከሆነ ብርሃኑ ለ8 ሜትርና ለ10 ሜትር መስተዋቶች ከመጠን በላይ ይሆንባቸዋል፤ የሚመለከቱት ትናንሾቹ ናቸው። ስለዚህ የትናንሾቹ ቴሌስኮፖች ስም፥ ያሉበት ስፍራ፥ ብርሃን የሚቀንስ መስተዋት ያላቸውና የሌላቸው፥ በዚያች ሌሊት ተጠሪ የሚሆነውም ሰው ከአሁኑ በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል፤ የእንጦጦዎቹም ከዚያ መዝገብ እንዳይቀሩ ጕዳዩ የሚመለከታቸው ሹማምንት ቢያስቡበት መልካም ነው።